ከፕላስቲኩ የማይወጣ ብር

ሶዶ፣ ጥር 19 ቀን 1995 ዓ.ም.
የአየሩ ሁኔታ፦ ጠዋት ዳሞታ ተራራ ራስ ላይ ትንሽ ጉም ነበር፤ ረፋዱ ላይ ጠራ። ነፋስ የለም።
የተገኙ፦ እኔ፣ ጎረቤቴ ሽታዬ፣ ከዱቦ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ኤርሳዶ፣ አንዲት ዶሮ (የሽታዬ)።

ለአቶ ጌታሁን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መርከብ ላይ የሚጻፍ ሁሉ በቀኑ፣ በአየሩና በተረኞቹ ስም ይጀመራል፤ አንቺም ሶዶን እንዳያት እንደዚያ ጀምሪልኝ ስላሉኝ ከላይ እንደሚያዩት አድርጌአለሁ። ዶሮዋን የጻፍኳት የተገኘ ሁሉ ይጻፍ ስላሉ ነው።

ለእናትዎ ለእማማ ዓመለወርቅ እስክታርፍ ስላደረግሁት ደጋግመው አያመስግኑኝ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች፤ እኔ ብተኛ እሷ ታስታምመኝ ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ፦ አዎ፣ መጨረሻ ላይ እርስዎን አንስታለች። «ያ ልጅ ጥርሱን ታክሞ ይሆን?» ብላኛለች። ሌላ ትልቅ ነገር ጠብቀው ከሆነ ይቅርታ። ያለችው ይህን ነው። የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍቼ አናፍሰዋለሁ።

እሽጉ በሰላም ደርሷል። ሾፌሩ ቢያድግልኝ አውቶቡሱን ጥግ አስይዞ ስፌት መኪናዬ ድረስ አመጣልኝ። «ከአዲስ አበባ ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የነዳሁት» አለ። ምን እንደሆነ ሳያይ ላለመሄድም ቆመ።

ካርቶኑን ከፈትኩ፤ ውስጡ ሳጥን አለ። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ አለ። ከፋዩ ላይ ክብ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ አንድ የብር ሳንቲም። ከጎኑ ደግሞ ማኅተምና ቁጥር ያለበት ወረቀት።

«ወረቀቱ ምንድን ነው?» አለች ሽታዬ።

«የብሩ የልደት ምስክር ወረቀት ይመስለኛል» አልኳት።

«እኔና አንቺ የሌለንን!» አለች።

ኤርሳዶ ከእጄ ተቀብሎ ነከሰው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እውነተኛ ብር መሆኑን ልወቅ ብዬ።»

«የነከስከው እኮ ፕላስቲኩን ነው።»

«ታዲያ አውጪልኛ!»

አላወጣሁለትም። በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ሁለት ጊዜ ያሰመሩበትን አነበብኩለት፤ ከፕላስቲኩ እንዳይወጣ፣ ጣት እንዳይነካው። ኤርሳዶ ደነቀው። «የማይነካ፣ የማይመነዘር፣ ከቤት የማይወጣ! ይሄ ገንዘብ ነው ወይስ የንጉሥ ልጅ?» አለ።

አሁን የአዝራር ጣሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በአንድ ፊቱ አንዲት ዘውድ የደፋች ንግሥት አለች። በሌላው ፊቱ በቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጭስ የሚተፋ ባቡር አለ። የማን አገር ነው? ለምን አይነካም? ለእኔ ለምን ላኩልኝ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሽታዬ ናት ጻፊ ያለችኝ።

አክባሪዎ፣
አሳየሽ

*

መርከብ ላይ፣ ከጅቡቲ ወጥተን። መጋቢት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.
ባሕሩ እንደ ዘይት የረጋ። ሙቀቱ ያለ እሳት ቂጣ ያበስላል።
ተረኞች፦ እኔና ታቪታ።

ለአሳየሽ፣

«እርስዎ» የሚለውን ሳነብ ካፒቴኑ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። የሚሲዮኑን ዘይቱን አብረን ስንሰርቅ ዘበኛው ሲመጣ እኔን ዛፍ ላይ ትተሽ የሮጥሽው አንቺ አይደለሽም? ዛፍ ላይ ጥለውት የሮጡትን ሰው አንቱ አይሉትም።

ጥርሴን ታክሜአለሁ። ነቀሉት። እናቴ ይህን ጠይቃ ከሆነ ስለ እኔ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠይቃለች። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሞተር ክፍል ወርጄ ትንሽ ቆየሁ። እዚያ ጫጫታ ስለሆነ ሰው አይሰማም።

ስለ ብሩ ልንገርሽ። ታቪታ የሞተር ክፍል ባልደረባዬ ነው። አገሩ ቱቫሉ ትባላለች፤ ትልቁ ውቅያኖስ መሐል የተበተኑ ዘጠኝ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሕዝቡ ሁሉ ቢመጣ የሶዶ ገበያ ይበቃዋል። ከፍተኛው መሬታቸው ከቤትሽ ጣሪያ ብዙም አይበልጥም። ጉድጓድ ቆፍረው ጎደሬ ይተክላሉ፤ ጎደሬውን በኮኮነት ይበላሉ። ታቪታ እንደ እኔ ብዙ ዓመት ባሕር ላይ ነው።

ሐምቡርግ ላይ ከመርከበኞች ማረፊያው ወረድ ብሎ የቴምብርና የሳንቲም ሱቅ አለ። በዚያ ስናልፍ ታቪታ መስኮቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «አገሬ!» አለ። እውነትም የአገሩ ስም በብር ላይ ተጽፎ፣ በከፋይ ላይ ተኝቶ አለ። ታቪታ እንዲህ ያለ ብር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። እነርሱ አገር የሚገበያዩት በአውስትራሊያ ገንዘብ ነው።

ገባንና ባለሱቁን ጠየቅነው። ነጭ የጨርቅ ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ ነው። ትንንሽ የደሴት አገሮች ለመታሰቢያ እንዲህ ያለ ብር ያወጣሉ አለን፤ የሚሠራው ሌላ አገር፣ የሚሸጠው ሌላ አገር፣ የሚገዛው መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነው። ገዝቶም መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለደሴቲቱ ስለ ስሟ ትንሽ ይደርሳታል። ብሩ ራሱ ግን በደሴቲቱ በር እንኳ አያልፍም። ጣት ካረፈበት ደግሞ ለሰብሳቢ ሞተ ማለት ነው። ቀዩን እስክሪብቶ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

«ባቡሩስ?» አልኩት ታቪታን። «ባቡር አላችሁ እንዴ?»

ከመሳቁ ብዛት ጓንታሙ ሽማግሌ ተቆጣን። «እኛ አገር ባቡር ቢመጣ» አለ፣ «ጅራቱ ሳይደርስ ራሱ ባሕር ይገባል!»

ሁለት ገዛን። እርሱ አንዱን ለእናቱ ላከ። እኔ ለማን እንደምልክ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። የሽታዬ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ከዚህ በታች ያለውን መስመር ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ፋቅሁት። ወረቀቱ ስለተቀደደ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጌታሁን

*

ሶዶ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.
የአየሩ ሁኔታ፦ ከቀትር ጀምሮ ዝናብ፤ የበረንዳዬ ቆርቆሮ ስለሚጮህ ጮክ ብዬ ነው የምጽፈው።
የተገኙ፦ እኔ። ሽታዬ (ሳትጠራ)።

ለጌታሁን፣

እሺ፣ አንተ ብዬሃለሁ። ዘይቱኑን ግን እኔ ነኝ ያካፈልኩህ፤ እሱን አልጻፍክም።

እንደምን አለህ? ታቪታስ? ጎደሬ የሚበላ ሰው ዘመድ ነው በልልኝ። ዳጣ ሳይቀምስ በመኖሩ ግን አዝነንለታል። ሽታዬ አንድ ጠርሙስ ዳጣ ልትልክለት ፈልጋ ነበር፤ ቢያድግልኝ «አውቶቡስ ውስጥ ቢፈነዳ ተሳፋሪው ሁሉ አልቅሶ ነው አዲስ አበባ የሚገባው» ብሎ እምቢ አለ። ባሕሩ ተነሥቶ ደሴቶቻቸውን ያስቸገረ ቀን ደግሞ ወደ እኛ ይምጡ፣ ዳሞታ አለ፤ ገና ያልታረሰ ጥግ አይጠፋውም።

አገሩን ፈልገን ነበር። የሰፈራችን የጂኦግራፊ አስተማሪ ሱሪውን ላሳጥርለት ሲመጣ ጠየቅሁት። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ትልቅ ካርታ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ገልጠን ገልጠን ያንን ሰማያዊ ገጽ አገኘነው። ጣቱን ገጹ ላይ እየሳበ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ መጽሐፉ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ቱቫሉ ያለችው ሁለቱ ገጾች በተሰፉበት ቦታ ነው። የጠራዡ መርፌ በላይዋ አልፏል።

«አገሩ ስፌት ውስጥ ገባ!» አለች ሽታዬ። እኔም ሙያዬ ነውና ጠራዡን ይቅር አልኩት። ብሩን ከጣሳ አውጥቼ በገጹ ላይ አስቀመጥኩ፤ በዚያ መጽሐፍ ላይ አገሩ መኖሩን የሚመሰክር እሱ ብቻ ሆነ።

ኤርሳዶ ስለ ባቡሩ ስነግረው ምን አለ መሰለህ? «እነሱ ባሕር አላቸው፣ የሌላቸው ባቡር ብቻ ነው። እኛ ሶዶዎች ሁለቱም የለንም። እኛ የሌለንን በብር ላይ ብናወጣማ ከነሱ ይበልጣል!»

ጣት ካረፈበት ሞተ ያልከው ግን ሲያስገርመኝ ሰነበተ። የእናቴን ጠገራ ታስታውሰዋለህ? ከአንገቷ የማይጠፋውን? ወንጌልን የተቀበለች ቀን ዶቃውንም አምባሩንም አውልቃ ለሴቶች ሰጠች፤ ጠገራውን ግን ከቀሚሷ ሥር አስቀረችው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲጠይቋት «እግዚአብሔር ይሄን አይጠይቀኝም፣ እርስዎ ለምን ይጠይቁኛል?» አለቻቸው። የጠገራው ነገር እንዲህ ነበር። አባቴ ሽማግሌ ሲልክ ጠገራ ብር አስያዛቸው። አያቴ ለእናቴ ሰጧትና «አስቢበት፤ ካልፈለግሽው እንደ መጣ ይመለሳል» አሏት። እናቴ አፏን ከፍታ እሺም እምቢም አላለችም። አንድ ጠዋት አንጥረኛ ዘንድ ሄዳ አስበስታው፣ በክር አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ውኃ ልትቀዳ በአያቴ ፊት አለፈች። የተበሳ ጠገራ ገበያ አይቀበለውም፤ ሽማግሌም ይዞት አይመለስም። አያቴ አዩና «ሽማግሎቹን ጥሯቸው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእናቴን እጅና አንገት ሳይነካ የዋለበት ቀን የለም፤ ባቡር ባይኖረውም እንደ ባቡር ያበራ ነበር።

የፋቅኸውን መስመር ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት። ከቀዳዳው ተርፎ የሚነበበው አንድ ቃል ነው፤ «ሽማግሌ»። ሌላውን አንተ እስክትጽፈው እኔ ዝናቡን ብቻ ጽፌልሃለሁ።

ሽታዬ ወረቀቱን ወደ መስኮት ሳነሣ አይታኝ «ምን አለሽ?» አለች። «ተቀዷል» አልኳት። ብሩን ከጣሳው አንሥታ እያገላበጠች፣ «ይሄ እንኳ አንቺን ይመስላል» አለች። «ወልደመስቀል ካረፈ ጀምሮ ፕላስቲክ ውስጥ ነሽ። አትነኪ፣ አይነኩሽ።» ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ብሩን ተቀብዬ ወደ ጣሳው መለስኩት። ቅር ብሎኝ ግን አይደለም።

አሳየሽ

*

መርከብ ላይ። ሰኔ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.
ማዕበል። ሳህኑ ሁሉ ወለል ላይ ነው።
ተረኛ፦ እኔ። ታቪታ ታሟል፤ የባሕር ሰው ባሕር ሲያመው አይተሽ አታውቂም።

ለአሳየሽ፣

ይቅርታ። ለፋቅሁት ሳይሆን በመፋቄ ነው ይቅርታ የምጠይቀው። አርባ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ወረቀት ሊቀድ አይገባውም። አሁን ሳልፍቅ እጽፈዋለሁ፦ ወደ ወንድምሽ ወደ ኤርሳዶ ሽማግሌ ልላክ ወይ?

ይኸው። መርከቡ እየዘለለ ስለሆነ ፊደሉ ቢወላገድ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ያለውን ሁሉ ልንገርሽ። ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል። ለሁለት ዓመት ደግሞ ፈርም ብለውኛል። አገሬ ልግባ ብል የእናቴ ቤት አለ፤ ነገር ግን ካንቺ ጋር አጥር ይጋራል። እሺ ካልሽ አጥሩ ላይ በር እናወጣለን። እምቢ ካልሽ በዚያ አጥር በኩል ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» እያልኩ መኖር አልችልም፤ እፈርማለሁ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ይመጣል። ባሕር እንደዚያ ነው፤ የሚያስቀር እንጂ የሚመልስ ነገር የለውም።

አትቸኩይ። ግን ደግሞ አትዘግዪ። ሁለቱንም መጻፌን ታቪታ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶ ሳቀብኝ።

ጌታሁን

*

ሶዶ፣ ሰኔ 30 ቀን 1995 ዓ.ም.
የአየሩ ሁኔታ፦ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ደግሞ ዝናብ።
የተገኙ፦ እኔ፣ ሽታዬ፣ ስማቸው የማይጻፍ ሦስት የመዘምራን ልብስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች።

ለጌታሁን፣

ደብዳቤህ ደርሷል። ደህና ነኝ። ታቪታን እግዚአብሔር ይማረው፤ ዝንጅብል ያኝክ።

ለጠየቅኸኝ ከመመለሴ በፊት እኔም የምጠይቀው አለኝ። አሥር ጥያቄዎች በሌላ ወረቀት ጽፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አጥፌዋለሁ። ስትመልስ ቁጥሩን ብቻ ጻፍ፤ ጥያቄውን አትድገመው። ሽታዬ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር «አንብቢልኝ» ትላለች፤ ስዘል ደግሞ ከፊቴ ታውቅብኛለች። በቁጥር ከሆነ አነብላታለሁ፣ እሷም እንደ ሎተሪ ትሰማለች።

አሳየሽ

*

ጅቡቲ ወደብ። ሐምሌ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.
ንዳድ። የብረት ደረጃው እጅ ያቃጥላል።
ተረኞች፦ እኔ፣ ታቪታ (ድኗል፤ ዝንጅብሉን አመስግኖሻል)።

ለአሳየሽ፣ እግረ መንገዱንም ለሽታዬ፣

አንደኛ፦ አዎ። ታቪታ ግን የሞተሩ ድምፅ ነው ይላል።

ሁለተኛ፦ ድሮ። አሁን አይደለም። ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ጊዜ፣ ማኒላ ላይ። ስሟን ረስቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ ረስታኛለች ብል እውነት ነው።

አራተኛ፦ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ ማጠብ፣ ዓሣ መጥበስ፣ የተሰበረ ሁሉ መጠገን። ቆጮ መፋቅ አልችልም፤ እማራለሁ።

አምስተኛ፦ የለም።

ስድስተኛ፦ ወልደመስቀልን አውቀው ነበር፤ ደግ ሰው ነበር። ፎቶው ከተሰቀለበት ግድግዳ አይነሣ። ሌላ ግድግዳ አለ።

ሰባተኛ፦ በፍጹም። እንዲያውም የስፌት መኪናሽን ዘይት እቀባልሻለሁ።

ስምንተኛ፦ ይህን በቁጥርም አልመልሰውም፤ ሽታዬ ታውቅብናለች።

ዘጠነኛ፦ በእሑዱ አምልኮ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ እንቅልፍ እስኪለቀኝ ድረስ። ከዚያ ወደ ፊት እመጣለሁ።

አሥረኛውን ይዤው ሰነበትኩ። ልክ ነሽ። እኔም እንደዚያ ብር ነኝ፤ ወረቀቴ ላይ ሁሉ «ሶዶ» ተብሎ ተጽፏል፣ የሶዶ ልጆች ግን በመንገድ ቢያገኙኝ አያውቁኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ስሟን ይዤ ዞርኩ እንጂ በእጇ አልገባሁም። ሶዶ ትቀበልሃለች ወይ ስላልሽው ታቪታን አማከርኩት። «ጥፋቱ የብሩ አይደለም» አለኝ፤ «ከመሳቢያው የሚያወጣው ሰው አጥቶ ነው እንጂ።»

የእርሱን ብር ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እናቱ ጻፈችለት። ብሩን ተቀብላ አመስግና እሑድ ቀን ለእግዚአብሔር ይሁን ብላ የቤተ ክርስቲያን መባ ሳህን ላይ ጣለችው! ሰኞ ፓስተሩ ቤቷ ድረስ መጥቶ መለሰላት። «እናቴ፣ ይሄ የውጭ አገር ገንዘብ ነው» አላት። የአገሩ ስም ተጽፎበት! ታቪታ እያነበበ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ደብዳቤውን አጥፎ ትራሱ ሥር ከተተው።

አሁን ቀኑን ልንገርሽ። እስከ መስከረም አምስት እፈርማለሁ ወይም አልፈርምም ማለት አለብኝ። እሺ ካልሽ ለጊፋታ በዓል እደርሳለሁ፤ የሰፈሩ በሬ ሲታረድ እኔም ቢላ እይዛለሁ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ረጅም ደብዳቤ አትድከሚ፣ ይቅርታም አትጻፊ። ብሩን በፕላስቲኩ እንዳለ፣ በሳጥኑ፣ በቢያድግልኝ በኩል ላኪልኝ። የመርከቡ ወኪል አዲስ አበባ ላይ ይቀበለዋል። ይገባኛል። አልቀየምም። ያ ሳጥን እንዳይመጣ ግን ወደብ በደረስን ቁጥር የምጸልይ እኔ ነኝ።

ጌታሁን

*

ሶዶ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.
የአየሩ ሁኔታ፦ ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ወደ ማታ አባራ። ዳሞታ ታጥቦ ቅርብ ሆኗል።
የተገኘ፦ እኔ ብቻ።

ለጌታሁን፣

እንደምን አለህ? ሽታዬ የጊፋታ ቅቤዋን ለማኅበሯ ልታስረክብ ሄዳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እጽፍልሃለሁ።

መልሶችህን ለሽታዬ አነበብኩላት። አንደኛው ላይ «ታዲያ ማን የማያንኮራፋ አለ?» አለች። በምን ከቁጥሩ እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሽታዬ ወደ ወልደመስቀል ፎቶ ዞር ብላ አየች። ስምንተኛው ላይ መቀነቷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እኔ ስምንተኛ ምን ብዬ እንደ ጠየቅሁ አትነግርም ብዬ አምንሃለሁ።

ኤርሳዶም መጥቶ ነበር። አንድ ነገር የሸተተው ይመስላል፤ ያመጣውን የጊፋታ በሬ አሥሮ ሲጨርስ እንደ ዘበት «የዓመለወርቅ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው አሁን?» አለኝ። «አርባ ሰባት» አልኩት። «ቶሎ መለስሽ!» አለኝ። ሳቀብኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቁን ትቶ፣ «ባሕር የለመደ ሰው መሬት ያዞረዋል ይላሉ። ቢሄድስ ተመልሶ?» አለ። እኔም ይህንኑ ስፈራ ከርሜአለሁ። አንተን ማመን አይደለም ያስቸገረኝ። አንድ ጊዜ በር ቆሜ ሰው ሸኝቻለሁ፤ እንደገና በር ላይ መቆም ነው የሚያስፈራኝ። ሰው ብቻውን ሲኖር የሚሰበር ነገር የለውም። ንጹሕ ነው። ያበራል። ጣት የለበትም።

ዛሬ ከሰዓት ብሩን ከጣሳው አውጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ሳይቧጨር፣ ሳይደበዝዝ እንደመጣ ነው። አየሁት፣ አየሁት። የእናቴ ጠገራ መጨረሻ ላይ የንግሥቲቱ አፍንጫ እንኳ አይታይም ነበር፤ አንገቷ ላይ አልቆ። የትኛው ይሻላል አልኩ። ብዙም ማሰብ አላስፈለገም።

«እሺ» የሚለውን ቃል በዚህ ወረቀት ላይ ልጽፈው ሞከርኩ። ተጽፎ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ። እናቴም አፏን ከፍታ አላለችውም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ አላሽገውም። ነገ ጠዋት የማደርገውን ካደረግሁ በኋላ፣ እንደ መርከብ መዝገብህ፣ ያደረግሁትን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ነሐሴ 21 ቀን፣ ጠዋት። ፀሐይ። የተገኙ፦ ሁሉም።

ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ብሩን ይዤ በራፌ ላይ ተቀመጥኩ፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ በመቀሴ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ጧ አለ። ብሩን በእጄ ያዝኩት፤ በሁሉም ጣቴ። ካሰብኩት በላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ወዲያው ሞቀ። የአውራ ጣቴ አሻራ ባቡሩ ላይ ታተመ። የሐምቡርጉ ሽማግሌ ይቅር ይበለኝ።

ገበያ ወደ አንጥረኛው ወደ ሻንቆ ሄድኩ። ብሩን አገላብጦ አየና፣

«ይቺ ባቡር ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«ደርሳለች» አልኩት።

«የት ልብሳው? በንግሥቲቱ ዘውድ በኩል?»

«ከጭሱ በላይ።»

«አሳየሽ፣ ቀለም ያለው ብር አይቼ አላውቅም፤ ውድ ነገር ይመስለኛል። አንዴ ከተበሳ ወደ ኋላ የለም፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

በሳው። በጥቁር ክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሠርኩት። እናቴ ከቀሚሷ ሥር ነበር የምታደርገው። እኔ ከቀሚሴ በላይ አደረግሁት።

በገበያው መሐል አልፌ ተመለስኩ። ሽታዬ አጥሩ ጋ ቆማ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አየችኝ። አንገቴን አየችው። ጎመኑን ጥላ እልል አለች፤ ዶሮዋ ደንግጣ አጥሩን ዘላ እናትህ ግቢ ገባች። ዶሮዋን ልመልስ ስገባ የእናትህን ቤት ከፈትኩ። ቅዳሜ አይደለም፤ ግን መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። አጥሩ ላይ በር የሚወጣበትን ቦታ አየሁ፤ እናትህ ግቢ ካለው ዘይቱን ጎን ይሻላል።

ሽማግሎችህን ወደ ኤርሳዶ ላካቸው። ብሩን ሲያይ መንከሱ አይቀርም። አሁን ይችላል።

ለታቪታ ንገርልኝ፣ አንዷ የአገሩ ብር መሳቢያ ውስጥ አልቀረችም። ሶዶ ገበያ ውስጥ በሰው አንገት ላይ በእግሯ ሄዳለች፤ ሰው ሁሉ የማን አገር ናት ብሎ ጠይቆኛል፣ ለሁሉም መልሻለሁ።

ቢያድግልኝ ነገ ንጋት ላይ ይነሣል። ይህን ደብዳቤና ሳጥኑን እሰጠዋለሁ። ሳጥኑን ወኪሉ ሲያቀብልህ አትደንግጥ፤ መጀመሪያ በእጅህ መዝነው። ከፋዩ ላይ ያለው ፕላስቲኩ ብቻ ነው፣ ባዶውን። እኛ አያስፈልገንም። የልደት ወረቀቱን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ በዚህ ቤት አንድ እንኳ ያለው ይኑር።

ከዚያ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለወንድ ሸሚዝ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ነበረኝ፤ ዘረጋሁት። ልክህን ስለማላውቅ በኪሱ ጀመርኩ።